ከሥዕሉ ጀርባ

ባሌ መጸለይ የጀመረ ሰሞን በደስታ የማደርገው ጠፍቶኝ ነበር።

ከዚያ በፊት ጸሎት ሲባል እሱ ያለው በሩ ጋ ነው። እኔ፣ እናቱና ልጃችን ግድግዳው ላይ ባለው የጌታ ሥዕል ፊት ስንሰበሰብ፣ እሱ መቃኑን ተደግፎ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ለሰላምታ ጎራ እንዳለ እንግዳ «አሜን» የምንልበትን ሰዓት ይጠብቃል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ድምፁን ከፍ አድርጎ ውሻ እንኳ የማያባርር ሰው ነው። ብቻ «እናንተ አላችሁ አይደል? የእኔንም ጨምሩበት» ይላል፤ ጸሎት ሻይ ውስጥ የሚጨመር ስኳር ይመስል። እኔ ደግሞ ሥራ ቦታዬ፣ ካውያው ላይ አቀርቅሬ፣ እንፋሎቱ ፊቴን እየለበለበኝ፣ «ጌታዬ፣ ይህን ሰውዬ ከበሩ ላይ አንሳልኝ» እያልኩ ስለምን ዓመታት አልፈዋል።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከሥራ ገባ። ጀሶው ክርኑ ላይ እንደደረቀ፣ እጁን ሳይታጠብ፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ ሥዕሉ ፊት ቆመ። እናቱ ጸሎቱን ሲጀምሩ አንገቱን ቀና አድርጎ ሥዕሉን ትክ ብሎ አየው። ዓይኑን አልጨፈነም። እኔ አንዱን ዓይኔን ሰረቅ አድርጌ ከፍቼ አየሁት፤ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፣ ግንባሩን ላብ አቸፍችፎታል። እንባዬ መጣ። «ተመስገን! ነካኸው» አልኩ በሆዴ።

የምሠራው ሆስፒታል ላውንደሪ ውስጥ ነው፤ አንሶላ እተኩሳለሁ። በማግስቱ ለሥራ ጓደኞቼ አፌን ሞልቼ አወራሁ። ከአጠገቤ የምትተኩሰው፣ ለምላሷ ስንል «ምላጭ» የምንላት ሴት፣ የትራስ ልብስ እያጠፈች «ምን አጥፍቶ ይሆን?» አለችኝ። «ወንድ ልጅ ሳይጠሩት ፈጣሪ ፊት ከቆመማ የሆነች ነገር አለች።» ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ቀኑን ሙሉ ግን ምላጭን በሆዴ ስረግም ዋልኩ።

እኔ ያደግኩበት ቤት ሳህን የሚሰበርበት ቤት ነበር። አባቴ ሲገባ እናቴ ትጮሃለች፤ እናቴ ስትጮህ አባቴ ያገኘውን ይወረውራል፤ እኛ ልጆቹ አልጋ ስር ነን። ስለዚህ ይህ ሰው ላግባሽ ሲለኝ ወርቅም ቀሚስም አልጠየቅኩትም። «ሰላም ብቻ ነው የምፈልገው» አልኩት። «ጩኸት እንዳልሰማ። ክፉ ወሬም ካለህ ደጅ ላይ አራግፈኸው ግባ።» እሺ አለ። እሱ እሺ ካለ እሺ ነው። ተጣልተን አናውቅም። ጎረቤቱ ሁሉ «የናንተን ቤት ሰላም ለእኛም ያድለን» ይለናል፤ እኔም እንደ አዲስ ጫማ በዚህ ስኩራራ ኖሬአለሁ።

ሙያው ልስን ነው። ጓደኞቹ «ሐር እጁ» ይሉታል። እሱ የለሰነው ግድግዳ ላይ እጁን ያሳለፈ ሰው መዳፉን መልሶ ያያል፤ ምንም የነካ አይመስለውም። ጎድጓዳውን ይሞላል፣ ጉብ ያለውን ይፍቃል፣ ሌላው ያበላሸውን ሸፍኖ እንደ አዲስ ያስረክባል።

ቤቱ የሟች አባቱ ነው፤ ሁለት ጠባብ ክፍሎች ነበሩት። አማቴ ታመው ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ሲላቸው የተኙት ከወዲያኛው ክፍል ነበር፤ ምላሳቸው ግን የሁለቱንም ጎን ሥራ ይሠራል። አንድ ቀን ከግድግዳው ማዶ ሆነው «እኔን ሳልሞት ቀበራችሁኝ እኮ!» አሉ። ባሌ በማግስቱ መዶሻውን አንስቶ መሐል ያለውን ግድግዳ አፈረሰው። አልጋው ጥጉ ላይ አልገባ ሲል እዚያ የነበረውን ወፍራም ምሰሶም ቆርጦ ጣለው። ከዚያ ለሰነው፣ ቀባው፤ የድሮው ግድግዳ የቱ ጋ እንደነበር እኔ ራሴ ጠፋኝ። አማቴ ያን ቀን ልጃቸውን እንደ ሕፃን ሳሙት። አልጋቸው ከሥዕሉ ስር ሆነ፤ ጸሎቱንም ከዚያ ወዲህ ከትራሳቸው ላይ ሆነው የሚመሩት እሳቸው ናቸው።

ሥዕሉ ጌታን በታንኳ ውስጥ ተኝቶ ያሳያል። ማዕበሉ ታንኳዋን ያንገላታል፣ ደቀ መዛሙርቱ ዓይናቸው ፈጦ ገመድ ይጎትታሉ፣ እሱ ራሱን ትራስ ላይ አድርጎ ተኝቷል። ሚጢ፣ ልጃችን፣ መጠየቅ ሥራዋ ነው።

«እማማ፣ ውሃው እየገባ ለምንድን ነው ዓይኑን የጨፈነው?» አለቻቸው አያቷን።

«ስለተኛ።»

«እንዴት ይተኛል? አይፈራም?»

አማቴ ትንሽ አሰቡ። «የተኛው እኮ ባሕሩ ጸጥ ስላለ አይደለም፣ የእኔ ልጅ። አባቱ አለ። አባቷ ቤት ያለላት ልጅ ዝናብ ቢዘንብ ትተኛ የለ?»

ሚጢ አባቷን አየችው። አባቷ ሥዕሉን እያየ ነበር።

የክረምቱ ዝናብ ካበቃ ወዲህ የባሌ ነገር ጨመረ። ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሥዕሉ ነው። ማታ ሲገባም እንደዚያው። አንድ ቀን «ይህ ክፈፍ ለጌታ ያንሳል» ብሎ ዳር ዳሩ ሰፊ የሆነ ትልቅ የእንጨት ክፈፍ ይዞ መጣና ራሱ ሰቀለው። ሌላ ቀን ወደ ግራ አስጠጋው። እኔ ሥዕሉን ልወልውል ስል «ተይው፣ እኔ እወለውለዋለሁ» ይለኛል፤ ሳህን አንስቶ የማያውቅ ሰው! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እንዲህ ያለ ፍቅር ከየት መጣ እያልኩ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ።

በሩ ግን አልዘጋ ማለት ጀመረ። ባሌ መላጊያ ይዞ ከላይ ላገው። ብዙም ሳይቆይ እንደገና ነከሰ፤ እንደገና ላገው። «እርጥበት ነው» አለ። ደረቅ ወቅት ነበር። የአማቴን ብርድ ልብስ ጠዋት ጠዋት ሳራግፍ ነጭ ብናኝ ይበናል። አማቴ «የእኔ ቆዳ ነው፤ ደርቄ እየተፈረፈርኩ ነው» ብለው ይቀልዳሉ። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በጸሎት መሐል ከግድግዳው ውስጥ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ጥፍር በጥፍር ሲመታ የሚሰማው ዓይነት። በዚያች ሰዓት የባሌ ጀርባ ቀጥ ይላል። እኔ መንፈስ የነካው ይመስለኝ ነበር።

ሚጢ አንድ ምሽት «እማዬ፣ እርሳሴ ብቻውን ይሄዳል» አለችኝ። ወለሉ ላይ ስታስቀምጠው ወደ አያቷ አልጋ ይንከባለላል።

«በጸሎት ሰዓት አትጫወቺ» አልኳት።

«እየተጫወትኩ አይደለም፣ እሱ ራሱ ነው...»

«ሚጢ!»

ዝም አለች። የእኛ ቤት ልጅ ዝም ማለትን ቶሎ ትለምዳለች።

ቀጥሎ የመጣው ግንበኛው ነው። የባሌ የድሮ የሥራ ጓደኛ፣ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ወንበራችንን እንዳይሰብር የምንጠነቀቅለት ሰው። እየሳቀ ገባ። ደፉ ላይ ሲደርስ ሳቁ ቀረ። በሩን አየ፣ ከበሩ በላይ ያለውን አየ፣ ከዚያ ዓይኑ በግድግዳው ላይ ቀስ እያለ ሄዶ ሥዕሉ ላይ ቆመ።

«እዚህ ጋ ምሰሶ አልነበረም እንዴ?» አለ።

«ሻይህ እንዳይቀዘቅዝ» አለው ባሌ።

ግንበኛው ሻዩን ቆሞ ጠጣው። ወንበር ባቀርብለት «ግድ የለም፣ እቸኩላለሁ» አለኝ፤ ተቀምጦ ሳይመሽ ተነስቶ የማያውቅ ሰው። ስሸኘው ደጅ ላይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ እናታችንን ወደ መስኮቱ በኩል ብታዞሯቸው ምን ይመስልሻል? እዚያ ፀሐይ አለ።»

«ከሥዕሉ ስር መሆን ነው የሚወዱት» አልኩት፣ ትንሽ ቅር ብሎኝ። በሰው ቤት አልጋ ምን አገባው?

«እሱስ ልክ ነሽ» አለና ቤቱን አንዴ ዞር ብሎ አይቶ ሄደ። ያን ምሽት ባሌ እራቱን አልበላም። ምን ሆንክ ስለው «ምንም። ሰላም ነው» አለኝ። ሰላም ነው ማለት ያበዛ ነበር በዚያ ሰሞን።

ነገሩ የፈነዳው የላውንደሪው የውሃ ማፍያ ቦይለር የተበላሸ ዕለት ነው። ከቀትር በኋላ ወደ ቤታችሁ ሂዱ ተባልን። ስገባ አማቴ ነቅተው ነበር፤ ደህናው እጃቸው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ሲያዩኝ ፈጥነው ሳቡት።

«ምነው በደህና?» አሉኝ።

«ቦይለሩ ሞተ፣ እማማ። እንግዲህ ዛሬ ቤቱን ላጽዳ።»

ጠረግሁ፣ ወለወልኩ። ባሌን ላስደስተው ብዬ ወንበር ላይ ወጣሁና የሥዕሉን ክፈፍ ያዝኩ።

«እሱን ተይው፣ ልጄ» አሉኝ አማቴ።

«አቧራ ብቻ ነው።»

«ተይው አልኩሽ!»

አማቴ በእኔ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። በዚያ ቤት ማንም በማንም ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ግን እጄ ሥዕሉን አንስቶት ነበር።

ከጀርባው ያየሁት መጀመሪያ አልገባኝም። ስንጥቅ አለ፤ ከጣራው በኩል ወደ አማቴ ትራስ የሚወርድ፣ የልጅ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ። በጀሶ ተደፍኗል፣ ድፍኑ ተሰንጥቋል፣ እንደገና ተደፍኗል፣ እንደገና ተሰንጥቋል። ከክፈፉ ውጪ ያለው ግድግዳ እንደ እንቁላል ለስላሳ ነው፤ ውስጡ ቁስል ነው። በስንጥቁ ላይ ደግሞ ቀጫጭን የመስታወት ቁራጮች፣ ጫፍና ጫፋቸው በጀሶ ተጣብቆ፣ እንደ መሰላል ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል። ሁሉም መሐላቸው ላይ ተሰብረዋል። ደህና የነበረው አንድ ብቻ ነው፤ የመጨረሻው፣ ጀሶው ገና ያልነጣው።

ባሌ እንዲህ እንዳለሁ ደረሰ። ሥዕሉን አቅፌ ወንበር ላይ ቆሜአለሁ። ሰው እንዲህ ሲያዝ ሚስቱን ያያል፤ እሱ ያየው መስታወቱን ነው።

«አልተሰበረም» አለ፣ ለራሱ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ኮፍያውን አወለቀ። «መስታወት መለጠጥ አያውቅም» አለ። «ግድግዳው የቆመ ከሆነ መስታወቱ ደህና ይሆናል። የፀጉር ያህል ከተንቀሳቀሰ ግን ይሰበራል። ለማወቅ ነው የሚለጠፈው።»

«ታዲያ እነዚህ ሁሉ?»

ዓይኑን ከመስታወቱ ላይ አልነቀለም።

«እነዚህ ሁሉ ምንድን ናቸው? ተናገር!»

«እየተንቀሳቀሰ ነው» አለ።

 ጠዋት ማታ ትክ ብሎ ማየቱን፣ ያን ሁሉ ላብ፣ ያን የከንፈር መንቀጥቀጥ፣ ሰፊውን ክፈፍ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አየሁት። ለጎረቤት ያወራሁለት ጸሎት! ደሜ ፈላ። ከእሱ ይልቅ ሥዕሉን ነው ያየሁት፤ ታንኳዋን፣ ትራሱን። «አንተም ታውቅ ነበር አይደል?» አልኩት ጌታዬን፣ በሆዴ። «እኔ ሳመሰግንህ ዝም ብለህ ትሰማኝ ነበር አይደል?» ተናድጄበት ነበር። አሁንም አልዋሽም፣ ተናድጄበት ነበር።

«እናትህ ከስሩ ተኝተው!» ብዬ ጮኽኩ። በገዛ ቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኽኩ፤ ድምፄ የእናቴ ድምፅ ሆኖ ወጣ። «ልጅህ እዚህ ስትማር፣ ስትተኛ! ለምን አልነገርከኝም?»

«ድጋፍ አቁሜ እጠግነዋለሁ እያልኩ... ድጋፍ ካቆምኩ ታዪዋለሽ። ክፉ ወሬ ይዘህ አትግባ ብለሽኝ ነበር። ሰላም ነው የምፈልገው አልሽኝ።»

«ሰላም አልኩህ እንጂ ቀለም ቀባልኝ አልኩህ?»

 የኮፍያውን ጠርዝ በጣቶቹ ያዞራል። ይህን ያህል ብቸኛ የሆነ ሰው አይቼ አላውቅም፤ በንዴቴ መሐል እንኳ አንጀቴን በላኝ።

ሚጢ ቦርሳዋን አንግታ ከትምህርት ቤት የገባችው ያን ጊዜ ነው። በሩን ለመክፈት በትከሻዋ ገፋች፤ ከገባች በኋላም እንደለመደችው በጀርባዋ ገፍታ ዘጋችው። ከበሩ በላይ አንድ ነገር አቃሰተ። ባሌ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ተነሱ፣ እንውጣ» አልኩ። «እማማ፣ ብርድ ልብሱን...»

«የትም አልሄድም» አሉ አማቴ።

«እማማ!»

«ይህ ልጅ ነገሩን አፍ አውጥቶ ሳይናገር የትም አልሄድም። አቅፋችሁ ብታወጡኝ እየተሳብኩ እመለሳለሁ።» ደህናውን እጃቸውን ዘረጉ። «ና ወደዚህ። ያን ሁሉ ቀን እዚህ ስትቆም ኖረሃል። ዛሬ ጸሎቱን አንተ ምራው።»

ባሌ ወደ አልጋው ተጠጋ። ሥዕሉ የለም፤ ስንጥቁ ራቁቱን ነው። አንገቱን ቀና ሊያደርግ ሲል እናቱ «ወደ እኔ» አሉት። አያቸው። 

«ጌታ ሆይ» አለ። ቆመ። እንደገና ጀመረ። «ጌታ ሆይ፣ እስከ ዛሬ አንተን እያየሁ አልነበረም። ከአንተ ጀርባ ያለውን ነበር የማየው። ምሰሶውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እናቴ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ነው፤ ግን አላውቅበትም ነበር። እንደማላውቅበትም አውቅ ነበር። ሲሰነጠቅ ለሰንኩት። ደግሞ ሲሰነጠቅ ደግሜ ለሰንኩት። ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ሚስቴን ሰላም ነው እላታለሁ፤ አልተኛሁም። እዚያ ማዶ ሆኜ እናቴ ስትተነፍስ እሰማለሁ፣ አልተኛሁም። ፈራሁ። ፈርቻለሁ ጌታዬ።» ከዚያ በላይ አልቻለም፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተንበርክኮ እንደ ልጅ አለቀሰ።

አማቴ እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ። «አውቃለሁ» አሉት።

«ምኑን?»

«ግድግዳውን። ቀን ቀን እጄን ላዩ ላይ አድርጌ ሲንቀሳቀስ እሰማው ነበር። እንዳታፍርብኝ ብዬ ዝም አልኩህ።»

«እኔም እርሳሴ ሲሄድ አውቄ ነበር» አለች ሚጢ፣ በቀጭን ድምፅ። ወደ እኔ አየት አደረገች። «እማዬ ዝም በይ አለችኝ እንጂ።»

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ሁሉም ያውቅ ነበር። አንዳችን ሌላውን እንዳንረብሽ ብለን፣ ከሚወድቅ ግድግዳ ስር ተደርድረን፣ በለሆሳስ «አሜን» ስንል ከርመናል።

ያኔ «ጠቅ» አለ።

ወደ ላይ ያየ ሰው አልነበረም፤ የመጨረሻው ቁራጭ መስታወት ራሱ የአማቴ ብርድ ልብስ ላይ ወደቀ። ቀጥሎ ብናኝ ወረደ፤ በቀጭኑ፣ ሳያቋርጥ፣ ወንፊት የሚነፋ ሰው ያለ ይመስል።

እኔ ወደ በሩ ሮጥኩ። እጀታውን ስስብ ባሌ «አትንኪው!» ብሎ ጮኸ። እሱም መጮህ ይችላል ለካ። «ከላይ ያለውን አሁን የያዘው በሩ ነው። ከከፈትሽው ይወርዳል። በመስኮት! ቶሎ በመስኮት!»

እኔ ቀድሜ ወጣሁ፤ ቀሚሴ የመስኮቱ ማጠፊያ ላይ ተቀደደ። ሚጢን ተቀበልኩ። አማቴን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ተሸክሞ አመጣቸውና በመስኮቱ አሳለፋቸው፤ እኔ በዚህ በኩል ጫንቃቸውን ይዤ እየጎተትኩ፣ እሳቸው «ሙሽራ ሆኜ በበሩ ነበር የገባሁት፤ እንዲህ እንደ ሌባ ልትሸኙኝ ነው?» ይላሉ። ሚጢ ሳቀች። ሳቋ ከለቅሶ ጋር ተቀላቀለ። በጋራ አውጥተን፣ መንገዱን አሻግረን፣ የጎረቤታችን የጫማ ሰፊው በረንዳ ላይ አስቀመጥናቸው። «በጋራ» የምለው እኔና ሚጢን ነው፤ ዞር ስል ባሌ አልተከተለንም።

ወደ መስኮቱ ተመልሼ ሮጥኩ። ክፍሉ መሐል ቆሟል። ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ስንጥቁን ያያል። እንደ ሁልጊዜው። ብናኙ ትከሻው ላይ እየወረደ ነው።

«ውጣ!» አልኩት።

«መደገፍ ይቻል ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «በጊዜው ቢሆን...»

«ዞር በል! ወዲህ እኔን እየኝ!» መስኮቱን በሁለት እጄ ያዝኩ። ያን ቀን ጠዋት ብትጠይቁኝ ቤቴን፣ ስሜን፣ ሰላሜን እንዳላጣ ነበር የምፈራው። አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው፤ ይህ ሰው ዓይኑን ከግድግዳው ላይ እንዲነቅል። «ቤቱ ይቅር። ሰው አይስማ አልልህም። ጩኸትም ይምጣ፣ ክፉ ወሬም ይምጣ፣ ከነወሬህ ና! ብቻ ና!»

ዞረ። አየኝ። ሥዕሉ ወንበሩን ተደግፎ ወለሉ ላይ ነበር፤ ሊያነሳው ጎንበስ ሲል አማቴ ከመንገዱ ማዶ «ተወው! እሱ እዚያ የለም!» ሲሉ ተሰሙ። ባዶ እጁን ወጣ።

መንገዱ ማዶ ቆመን ቤቱን አየነው። ምንም አልሆነም። ፀሐይዋ እየጠለቀች ነው፤ ግድግዳው በውጭ በኩልም እሱ የለሰነው ስለነበር እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ያምራል። ጫማ ሰፊው መዶሻውን ይዞ ወጣና «ምን ሆናችሁ?» አለን። እኔ «ሰላም ነው» ልለው አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት።

«ቤታችን ሊወድቅ ነው» አልኩት። «ደሞ ፈርተናል።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አንድ ነገር ከደረቴ ላይ ተነሳ። ቤት የለኝም፣ ቀሚሴ ተቀዷል፣ ጎረቤት እየተሰበሰበ ነው፤ እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ፣ ከዚያ ከአልጋ ስር ጀምሮ፣ የፈለግኩት ጸጥታ መጥቶ ሆዴ ውስጥ ቁጭ አለ። ከየት እንደመጣ አውቄ ነበር። «ጌታዬ፣ ቅድም የተናገርኩህን ተወው» አልኩት።

«ጸሎቱን አልጨረስነውም» አሉ አማቴ ከበረንዳው።

እዚያው ቆምን። ፊታችን ሥዕልም ግድግዳም የለም፤ የጫማ ሰፊው የተዘጋ መጋረጃና የተደረደሩ አሮጌ ጫማዎች ናቸው። ሚጢ የአያቷን ደካማ እጅ ያዘች። ባሌ የእኔን ያዘ፤ ጀሶው መዳፉ ላይ ተሰነጣጥቆ ይቧጥጣል። ቤቱን ጀርባችን ላይ ትተነው አማቴ «አባታችን ሆይ» ብለው ጀመሩ።

ጸሎቱ መሐል ላይ ደርሰን ከኋላችን በመጀመሪያ በሩ ተሰነጠቀ። ከዚያ መሬቱ ከእግራችን ስር ነጠረ፤ የሚወርድ ነገር ድምፅ መንገዱን ሞላው፣ አቧራው በላያችን አልፎ የጫማ ሰፊውን ግድግዳ አለበሰው። ጫማ ሰፊው ጮኸ። እኔ ዓይኔን ከፈትኩ። ሚጢም ከፈተች፣ አማቴም ከፈቱ።

ሚጢ እጄን ጎተተችና ወደ አባቷ አሳየችኝ። ሽፋሽፍቱ በአቧራ ነጭ ሆኗል። ከንፈሩ ጸሎቱ ካቆመበት ቀጥሏል።

ዓይኑን አልከፈተም።